ለሁለት ሸሚዝ አሥራ ስድስት ሜትር

መምህር ዘይኑልአቢዲን የሰባተኛ «ለ»ን ስልሳ ስምንት ተማሪዎች የሒሳብ የቤት ሥራ ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ገልጠው ዴስክ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እሱ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ በመሐላቸው ያልፋል። ገጹ በጽሑፍ ከተሞላ ትልቅ ራይት ያደርግበትና ከሥሩ ይፈርማል። ባዶ ከሆነ የደብተሩ ባለቤት ተነሥቶ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል። ልመና የለም፤ ምክንያት የለም። ዓመቱ ሲጀመር ግድግዳው ሥር የሚቆሙት ሃያም ሠላሳም ነበሩ። ኅዳር ሲገባ አንድም አልቀረም። ዘይኑ፣ የሥራ ባልደረቦቹ እንዲህ ነው የሚጠሩት፣ በዚህ ከልቡ ይኮራ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ያለው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ደሴ ዙሪያ ወረዳ ውስጥ ነው። ዘይኑ ጠዋት ጠዋት ደሴ ካለው ሰኞ ገበያ በሚኒባስ ይመጣል። አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ለከተማው ጎመን፣ ካሮትና ድንች የሚያመርቱ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። ወደ ግቢው ሲገባ ሰባተኛ «ለ»ዎች ካሊድ የሚባለውን ጎበዝ ልጅ ከብበው አጎንብሰው ሲጽፉ ያያቸዋል። «በቡድን ማጥናት ለምደዋል» ይልና ደስ ብሎት ያልፋል። ጠጋ ብሎ ግን አይቷቸው አያውቅም።

ክፉ ሰው አልነበረም። አራት ክፍል ያስተምራል፤ ሁለት መቶ ሰባ ልጅ ማለት ነው። እሱም ራሱ የተማረው እንዲሁ ነበር። ያስተምራል፣ ሰሌዳውን ይሞላል፣ በመጨረሻ ዞር ብሎ «ገብቷችኋል?» ይላል። «ገብቶናል!» ይላሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪያስተጋባ። ከዚያ ሌላ ድምፅ በዚያ ክፍል አይሰማም።

ይታይሽ የምትባል የአማርኛ መምህርት አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ «አንተ ዘይኑ፣ የክፍልህ ጸጥታ ያስቀናል» አለችው። «ግን መቃብርም እኮ ጸጥ ያለ ነው።»

«ያንቺ ክፍል ደግሞ ሰኞ ገበያን ነው የሚመስለው» አላት እየሳቀ።

«ይምሰላ! ገበያ ውስጥ ቢያንስ ሰው ይጠይቃል። 'ይሄ ስንት ነው? ለምን ተወደደ?' ይላል። ያንተዎቹ ምን ጠይቀው ያውቃሉ?»

«የቤት ሥራ መቶ በመቶ ይሠራሉ። ምን ልሁን ነው የምትይኝ? አምስት ጥያቄ በስልሳ ስምንት ልጅ ስታባዢው ሦስት መቶ አርባ ነው። አንድ በአንድ ላርመው? በየትኛው ጊዜዬ?»

«አምስት ለምን ትሰጣለህ? ሁለት ስጥና ሁለቱን እያቸው።»

«ሁለት ጥያቄ ብሰጥ ሰነፍ መምህር ነው የሚሉኝ» አለ። ደወል ተደወለና ወሬው በዚያ ቀረ።

በየካቲት ወር ንጥጥር የሚባለውን የሒሳብ ክፍል ማስተማር ጀመረ። ሰሌዳው ላይ፣ «አራት ሠራተኞች አንድን ሥራ በስምንት ቀን ከጨረሱ፣ ሁለት ሠራተኞች በስንት ቀን ይጨርሱታል?» ብሎ ጻፈ። ስምንትን በአራት አባዝቶ ለሁለት አካፈለና «አሥራ ስድስት ቀን» አለ። «ገብቷችኋል?»

«ገብቶናል!»

ድምፁ ጋብ ሲል ከኋላ አንዲት እጅ ተነሣች። ሀናን የምትባል፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላት፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚባዛው?»

ዘይኑ ሰዓቱን አየ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ የቤት ሥራውን ገና አልጻፈም። «ስልሳ ሰባት ሰው ገብቶት አንቺ ብቻ ቀረሽ? ቁጭ በይ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሀናን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። እሱም አምስት ጥያቄ ጽፎ ወጣ። በማግስቱ ስልሳ ስምንት ራይት አድርጎ ስልሳ ስምንት ጊዜ ፈረመ።

በቀጣዩ ሳምንት የሀናን ቦታ ባዶ ሆነ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ዘይኑ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» እያለ ጻፈ። ከዚያ ያለፈ ነገር አላደረገም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ አንድ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል በሌላው ደብተር ይዘው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁት።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ መምህር። የሀናን አባት ነኝ። ሱሌማን እባላለሁ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ጋሽ ሱሌማን። ልጅቷ የት ጠፋች? አሟት ነው?»

«ስለሷ ነው የመጣሁት» አሉና በመምህራን ማረፊያው ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፌስታሉን ፈቱ። ከውስጡ የወጣው የጥቅል ጎመን ቅጠል ነበር። ዳር ዳሩ እንደተቃጠለ ወረቀት ጠቁሮ ተጠቅልሏል፤ ሲነኩት ፍርፍር ይላል።

«ጎመኑ ትል ገባበት» አሉ ሱሌማን። «መድኃኒት ገዛሁ። ሀናን የተጻፈውን አነበበችልኝ። ለሃምሳ ሊትር ውሃ መቶ ሚሊ ሊትር ይጨመር ይላል አለችኝ። የኔ መርጫ የሚይዘው ሃያ ሊትር ነው። 'በይ እስኪ ለሃያው ስንት ይሆናል?' አልኳት። ወረቀት አወጣች፤ አባዛች፤ አካፈለች። 'ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፣ አባዬ' አለችኝ።»

ዘይኑ ሳያስበው በልቡ አሰላው። አርባ ነበር። አርባ ብቻ።

«ክዳኑን ስከፍት ሽታው አፈነኝ። 'አልበዛም እንዴ ልጄ?' አልኳት። እሷም ይህንን ደብተር አምጥታ 'በዚሁ መንገድ ሠርቼ ቲቸር ራይት ሰጥቶኛል' ብላ አሳየችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ መምህር። ያንን ቀይ ምልክት ግን አውቀዋለሁ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ደብተሯን እየገለጥኩ እሱን ሳይ ነው ደስ የሚለኝ። ቀለም የቆጠረ ሰው አይቶ 'ልክ ነው' ካለ፣ እኔ ማን ነኝ ብዬ አፍንጫዬን ይዤ ረጨሁት።»

«ታዲያ... እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔን ሁለት ቀን ራሴን አመመኝና ተወኝ። ጎመኑ ግን በሦስተኛው ቀን ይኸው።» ቅጠሉን ወደ ፌስታሉ መለሱ። «ከሰኞ ገበያ አንድ ነጋዴ መጣ። 'ላይ ላዩን ላጥ ላጥ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ነው፣ ማንም አያውቅም፣ እኔ እወስደዋለሁ' አለኝ። ወላሂ ችግሬን ሳስበው ልቤ አመንትቶ ነበር። ግን ላዩ ያማረ ውስጡ መርዝ የሆነ ነገር ለሰው ልጅ እንዴት እሰጣለሁ? ነቅዬ ቀበርኩት።»

ዘይኑ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ሀናን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይገባላትም። የሠፈሩ ልጆች ደግሞ 'ዶክተር ጎመን' እያሉ ይጠሯታል። 'ከእንግዲህ አልማርም፤ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ልጅ እይዛለሁ' ትላለች። አክስቷ ለይላ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። እሑድ ልትወስዳት ትመጣለች።» ሱሌማን ደብተሩን ዘርግተው ሰጡት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ ሒሳብ ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ካላወቀች በከንቱ እዚህ አላመላልሳትም። ካወቀች ደግሞ ጎመኔን ምን አቃጠለው?»

«ገልብጣ ይሆናል» የሚለው ቃል ዘይኑ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ጥፋቱን ወደ ልጅቷ ለማሻገር ያችው አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ማስረጃ ፍለጋ ደብተሩን ገለጠ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ቆመ። ጥያቄው፣ «ለአራት ሸሚዝ ስምንት ሜትር ጨርቅ ካስፈለገ፣ ለሁለት ሸሚዝ ስንት ሜትር ያስፈልጋል?» ይላል። ከሥሩ ስምንት በአራት ተባዝቶ፣ ለሁለት ተካፍሎ፣ መልሱ «16 ሜትር» ተብሏል። እሱ ስለ ሠራተኞቹ ያስተማረው መንገድ እንዳለ ተገልብጧል። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል፣ «እንጃ፣ አልገባኝም» የሚል ተጽፏል። የራይቱ ጭራ በዚያ ጽሑፍ ላይ ተጎትቶ አልፏል።

ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። ሱሌማን ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ለአራቱ ስምንት ሜትር በቅቶ፣ ለሁለቱ አሥራ ስድስት? መምህር፣ ይሄ ሸሚዝ ነው ድንኳን?» ሳቅ አሉ። ወዲያው ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። «ታዲያ ይሄን ራይት አሉት?»

«አልኩት» አለ ዘይኑ። «ጋሽ ሱሌማን፣ ልጅዎ ይህን አታውቅም። አለማወቋን በአፏ ጠይቃኝ አሳፈርኳት፤ በጽሑፍም ነግራኝ ነበር፣ አላነበብኩትም። ጎመንዎን ያቃጠለው የኔ እስክሪብቶ ነው።»

ሱሌማን ፎጣቸውን አስተካከሉና ተነሡ። «ጎመኑን ከማንም አልጠይቅም፤ የአላህ ውሳኔ ነው። ይህን ግን እኔ ብነግራት 'አባዬ ሊያጽናናኝ ነው' ብላ አትሰማኝም። መጥተው ራስዎ ይንገሯት።»

የዚያን ዕለት ዘይኑ ራይት አላደረገም። የሰባተኛ «ለ»ን ደብተሮች ሰብስቦ፣ ከሀናን ደብተር ጋር ወደ መምህራን ማረፊያ ወሰዳቸው። ከስልሳ ስምንቱ ስልሳ አንዱ ላይ ለሁለት ሸሚዝ አሥራ ስድስት ሜትር ተቆርጧል። በሃያ ሦስቱ ላይ ደግሞ፣ ሳይጎድል ሳይጨመር፣ ያው «እንጃ፣ አልገባኝም» አለ። በአንዷ ልጅ ደብተር ላይ «4 ሜትር» የሚል ትክክለኛ መልስ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ በላዩ «16» ተደርጓል። ከሁሉም ይልቅ ያችን ስርዝ እያየ ቆየ። ሁሉም ገጽ ላይ ራይት አለ። ሁሉም ሥር ፊርማው አለ።

ይታይሽ በትከሻው በኩል አጎንብሳ አነበበችና በሳቅ ፈነዳች። ፊቱን ስታይ ግን አቆመች። «አፋቸው 'ገብቶናል' ሲል እጃቸው ሌላ ሲነግርህ ከርሟል» አለችው ቀስ ብላ።

ካሊድን አስጠራው። ልጁ ጽሑፉን ሲያይ ደነገጠ።

«ቲቸር፣ ያንን ለራሴ ነው የጻፍኩት፤ በኋላ ልጠይቅዎት ብዬ። እነሱ ያገኙትን ሁሉ ነው የሚገለብጡት፤ ስሜን አለመገልበጣቸውም ደግ ነው!»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ካሊድ ጫማውን እያየ፣ «ሀናን ስትጠይቅ የሆነችውን አይቼ» አለ።

ቅዳሜ ዘይኑ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር መንገዱ ወደ ሱሌማን ቤት ሄደ። የጎመኑ መደብ ተነቅሎ ባዶ አፈር ሆኗል። ሀናን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ልብሷን እያጠፈች ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። ስታየው ተነሥታ ቆመች፤ ቀና ግን አላለችም።

«ደብተርሽን አነበብኩት» አላት። «ዘግይቼ ነው እንጂ። 'አልገባኝም' የሚለውን ለምን ገለበጥሽው?»

«አውቄ ነው» አለች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ከዚያ ገጽ የራሴ የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

ከበሩ ጎን መርጫው በአፉ ተደፍቶ ነበር፤ ዘይኑ አንሥቶ መሐላቸው አቆመው። «እስኪ ማባዛቱንም ማካፈሉንም እንርሳው። ለሃምሳ ሊትር መቶ ሚሊ ከሆነ፣ ለአንድ ሊትር ስንት ይደርሰዋል?»

ቆየችና «ሁለት» አለች።

«ይህ መርጫ ሃያ ሊትር ነው።»

«አርባ።» መርጫውን አየችው፤ ከዚያ ባዶውን መሬት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ይህን ያህል ብቻ ነበር?»

«ይህን ያህል ብቻ ነበር። ይህን ልነግርሽ የሚፈጅብኝ ሦስት ደቂቃ ነበር፤ እሷን ነፈግሁሽ። አውፍ በይኝ፣ ሀናን።»

ሱሌማን ከበሩ ውስጥ ሆነው ሰምተዋል፤ አልወጡም። ሀናንም እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ዘይኑ ቦርሳው ክፍት እንደሆነ ትቶት ተመለሰ።

ሰኞ ሀናን ከኋላ፣ ከቀድሞ ቦታዋ ላይ ነበረች። አክስቷ ለይላ ብቻዋን ወደ ኮምቦልቻ ተመልሳለች። ሁለት ልጆች «ዶክተር ጎመን» ብለው ሲንሾካሾኩ ዘይኑ ሰማቸው።

«ያ ስም የኔ ነው» አለ ክፍሉ ፊት ቆሞ። «ስሕተትን ራይት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። መጥራት የፈለገ እኔን ይጥራ።» ማንም አልሳቀም። ከዚያ አዲሱን ደንብ ነገራቸው። የቤት ሥራ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይሆናል። ያልቻለ የደረሰበት ድረስ ሠርቶ፣ «እዚህ ጋ ጠፋብኝ» ብሎ ይጽፋል። ለዚህ ግድግዳ ሥር የሚቆም የለም። ጥያቄ በጠየቀ ሰው ላይ የሚስቅ ግን ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ይመልሳል።

ትምህርቱን እንደገና ከሠራተኞቹ ጀመረ። ሲጨርስ ልማድ ሆኖበት «ገብቷችኋል?» አለ። እነሱም ልማድ ሆኖባቸው «ገብቶናል!» አሉ።

ጣሪያው ዝም ሲል አንዲት እጅ ከኋላ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚባዛው?»

ዘይኑ ጠመኔውን አስቀመጠ። ያው ጥያቄ ነው፤ ያን ቀን ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ጎመኑ ዛሬ ገበያ ላይ ነበር። «አይደለም» አለ። «ሁልጊዜ አይደለም። ሠራተኛ ሲቀንስ ቀኑ ይበዛል። ሸሚዝ ሲቀንስ ግን ጨርቁ ምን ይሆናል?»

«ይቀንሳል» አለች ሀናን።

«ታዲያ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው?»

ካሊድ እጁን አወጣ። አንድ ሌላ ልጅ ተከተለው። ከዚያም ያቺ አራትን የሰረዘችው ልጅ። ክፍሉ ሰኞ ገበያን እስኪመስል ተንጫጫ። ርእሰ መምህሩ በመስኮት አይተው ግንባራቸውን አኮማትረው አለፉ። በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ላይ የሰባተኛ «ለ» የቤት ሥራ ከመቶ ወደ አርባ ሁለት ወርዶ ሲያዩ ደግሞ ዘይኑን ቢሮ ጠርተው ወቀሱት። «ያ መቶ ውሸት ነበር፤ ይህ አርባ ሁለት ግን እውነት ነው» አላቸው። ብዙም አልተዋጠላቸውም።

ልጅ የምታሳድጉ፣ ልጅ የምታስተምሩ ሁሉ፣ የተቀበረው ጎመን አልተመለሰም። ሱሌማን ያን ዓመት በብድር ዘር ነው የዘሩት። ያላነበብነውን ማጽደቅ ለአንድ ቀን ድካማችንን ያቀልልናል፤ ያጸደቅነው ስሕተት ግን ከደብተር ወጥቶ ወደ ሰው ማሳ፣ ወደ ሰው ገበታ፣ ነገም ወደ ሰው ሕክምና ይሄዳል። ልጅ «አልገባኝም» ማለትን ሲፈራ፣ ያልገባውን ይዞ ዝም ብሎ ያድጋል። ያን ዝምታ ሥነ ምግባር ብለን አናሞግሰው።

ከሁለት ወር በኋላ ዘይኑ ሰኞ ገበያ ውስጥ ሱሌማንን አገኛቸው። ከሰላምታ በኋላ ከኪሳቸው በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጡ። የሀናን ፈተና ነው። አራት ራይት፣ አንድ ትልቅ ኤክስ፣ ከኤክሱ ጎን ደግሞ በቀይ የተጻፈ ረጅም ማብራሪያ አለበት።

«ይህችን ምልክት ከዚህ በፊት ደብተሯ ላይ አይቻት አላውቅም» አሉ፣ ጣታቸውን ኤክሱ ላይ አድርገው። «ምን ማለት ናት ብላት 'ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ አባዬ' አለችኝ።»

«ልክ ናት። ያቺን ጥያቄ አልቻለቻትም።»

ሱሌማን ወረቀቱን መልሰው አጠፉና በጥንቃቄ ኪሳቸው ከተቱት። «እንግዲህ» አሉ፣ «አሁን አራቱንም ራይቶች አመንኳቸው።»